የታጠነው በርሜል

የእናቴን ሙት ዓመት አውጥቼ ከነጌሌ ወደ ዶሎ ኦዶ ስመለስ ነው። አውቶቡሱ ከተማውን ለቆ ቀዩ አቧራ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ሲጀምር፣ አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ሳሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንታላ ኮ፣ ውሃ ይዘሻል?» አሉኝ። ኢንታላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ድምፃቸውን ያወቅሁት ከፊታቸው በፊት ነው። ፊታቸውማ ተለውጧል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ የፊት ጥርሳቸው ጎድሏል። ድምፁ ግን በልጅነቴ የቆርቆሮ በራችንን አንኳኩቶ ይህንኑ የጠየቀኝ ድምፅ ነው። ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ «የለንም» ብዬ መልሻቸዋለሁ። አሁን ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ቦርሳዬን ከፈትኩና ገና ያልተነካውን ጠርሙስ ሰጠኋቸው። እሳቸውም አውቶቡሱ ስለሚንገጫገጭ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ደግፈው ተቀበሉኝ።

አዮ ሐቢባ ነበሩ። አዮ የምንላቸው በሰፈሩ ልማድ ነው፤ እናት እንደማለት ነው። ነጌሌ እያለን ጎረቤታችን ነበሩ። ባለቤታቸው በዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ነበራቸው፤ ከሞያሌ የሚመጣ ፓስታ፣ የዱቄት ወተት፣ አበባ ያለበት ቴርሞስ፣ ሴቶቹ የሚለብሱት ስስ ሽቲ ሁሉ እዚያ ይሸጣል። እኔ ዳቦ በሃያ አምስት ሳንቲም ስላክ በሱቁ በኩል ዞሬ የምሄደው ሽቲዎቹ በነፋስ ሲውለበለቡ ለማየት ነበር። ከሱቁ ፊት ለፊት ካሴት ቤት አለ፤ ጠዋት የአማርኛ፣ ከሰዓት በኋላ የኦሮምኛ፣ ሲመሽ የሱማልኛ ዘፈን ያሰማል። ካሴቱ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ድምፁን ይጎትታል። ባትሪ ሲያልቅ አይጣልም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሞቅና እንደገና ይሠራል። የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ባትሪ የተሰጣበት ነበር። ካደግሁ በኋላ ነጌሌ ስመለስ ካሴት ቤቱ የስልክ መጠገኛ ሆኖ አገኘሁት። ጣሪያዎቹን ቀና ብዬ አየሁ፤ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ ነው ያለባቸው። ነገሩ ያው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ዛሬም ከጣሪያ ላይ ፀሐይ እንለምናለን።

እኛ የወታደር ቤተሰብ ነን። አባቴ የጦሩ ሾፌር ነበር፤ ከተሰናበተ በኋላ እንደገና ተጠርቶ ነጌሌ ተመደበ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን ተንቀሳቀሰ። እናቴ አስካለ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ሜሪ ከካምፑ አጥር ብዙ በማይርቅ የኪራይ ቤት ቀረን። ሰፈሩ ከየአገሩ በመጡ የወታደር ሚስቶች የተሞላ ነበር፤ አንዷ ከወሎ፣ አንዷ ከወላይታ፣ እናቴ ከጎጃም። ባሎቻቸው ሲሄዱ አንዳንዶቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ። እናቴ አልሄደችም። «ጥሩምባው ሲነፋ እሰማለሁ፤ ሌላ ቦታ ሆኜ ዜና ከማን እሰማለሁ?» ትል ነበር። የጠዋቱን ጥሩምባ ሰምታ ነበር የምትነሳው፤ እኔንም የምታስነሳኝ በእሱ ነው። እስካሁን ስልኬ ሳይጮህ በዚያው ሰዓት እነቃለሁ።

እናቴ አንድ ፍርሃት ነበረባት። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን እኔን አዝላ ከሌላ ካምፕ ስትወጣ፣ ቤቷ ውስጥ አንድ ጣሳ ዱቄት እንኳ አልነበረም። ሦስት ቀን ሰው ደጅ ቆማ ለምናለች። ስለዚያ የምትናገረው በዓመት አንዴ፣ ያውም ግማሹን ነው፤ ሌላውን ግማሽ ከጓዳዋ አነበብኩት። በነጌሌው ቤት ጓዳዋ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። በሶ በጣሳ፣ ድርቆሽ በጆንያ፣ ቋንጣ በገመድ፣ ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጨው ብቻውን በሸክላ ገንቦ፣ ላምባ በብርጭቆ ጠርሙስ። የልደት ወረቀታችንና የአባቴ ደብዳቤ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ። ሁሉን ካሰናዳች በኋላ በሩን ቆልፋ ግንባሯን በሩ ላይ ታሳርፋለች፤ የደከመው ሰው ትከሻ ላይ እንደሚደገፍ። «እኔ ብሞት እንኳ ሁለት ወር ትበላላችሁ» ትለኝ ነበር። ለልጅ የሚነገር ማጽናኛ መስሏት ነው። ሌሊት ሁለቱ ወር ካለቀ በኋላ ያለውን ቀን ሳስብ አድር ነበር።

የቀራት ውሃ ነበር። ነጌሌ ውሃ ሁልጊዜ ችግር ነው። ከቦኖ ነበር የምንቀዳው፤ የቦኖው ሞተር በናፍጣ ይሠራል፤ ናፍጣው በመኪና ይመጣል፤ መኪናው በመንገዱ ደህንነት ይመጣል። አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይጎድላል። ቦኖው ጋ ሰው አይሰለፍም፤ ጀሪካን ነው የሚሰለፈው። ቢጫ ጀሪካኖች ከቦኖው እስከ መስጊዱ አጥር ይደረደራሉ፤ ባለቤቶቻቸው ሥራቸው ላይ ናቸው። በየጀሪካኑ እጀታ ላይ ጨርቅ ይታሰራል። የእኛ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ ጥለት የተቀደደ ቀይ ነው፤ የአዮ ሐቢባ ከሽቲ ቁራጭ የተሠራ አረንጓዴ። ተራው ሲደርስ እዚያ የተገኘ ሰው የሌለውን ጎረቤቱን ጀሪካን ወደፊት ይገፋል፤ ሲደርስም ይሞላለታል። የተጻፈ ሕግ የለውም፤ ግን የጎረቤቱን ጀሪካን ያልገፋ ሰው ስሙ ይነሳል። አዮ ሐቢባ ቀይዋን ጨርቅ ይገፋሉ፤ እኔ አረንጓዴዋን እገፋለሁ። እናቴ ራሷን ለመቻል አንድ ትልቅ የብረት በርሜል ገዛች፤ የምግብ ዘይት የመጣበት። ከዚያ ለአሥር ቀን በየቀኑ አንድ ትርፍ ጀሪካን እየቀዳን፣ ሰው እንዳያየን በጓሮ በኩል እያስገባን ሞላነው። አዮ ሐቢባ ያኔ ያንን ቀይ ጨርቅ ስንቴ እንደገፉ አልቆጠርኩም። እሳቸው ግን ቆጥረዋል።

በርሜሉን ከመሙላታችን በፊት የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን ሳቅም ልቅሶም ይመጣብኛል። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ አዮ ሐቢባ የወተት ዕቃቸውን ሲያጥኑ ታይ ነበር። የቦረና ሴት ወተት የምታስቀምጥበትን የተሠፋ ዕቃ በተመረጠ እንጨት ፍም አጥና፣ ከሰሉን በብሩሽ ጠርጋ ወተት ስትጨምርበት ብዙ ቀን ይቆያል፤ ሽታውም ደስ ይላል። እናቴም በአገሯ ወተትና ጠላ የሚቀመጥበት ዕቃ በወይራ ሲታጠን ነው ያደገችው። አንድ ቀን ከአጥሩ ተመልሳ «ወተትን ሳምንት ካቆየ ውሃን ዓመት ያቆያል» አለች። እኔ ዓይን አፋር ብሆንም «አዮን ለምን አንጠይቃቸውም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ‹በርሜል ውሃ ልደብቅ ነው፣ እንዴት ላጥነው?› ልበላት?»

«በርሜል ሳይሉ…»

«ዝም በይ። የሚጠየቅ ሰው ያውቃል፤ የሚያውቅ ሰው ይመጣል።»

እንጨት ከምትሸጥ ሴት ወይራ የመሰላትን ገዛች፤ ወይራ ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅሁም። በርሜሉን በሳሙና አጥባው ነበር፤ ዘይት ግን ከብረት በአንድ እጥበት አይለቅም። ፍሙን ከታች አስገብታ በጆንያ ሸፈነችው። ጭሱ ጥቁር ነበር። ቤታችን ለሁለት ቀን የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ጥቀርሻው ከዘይቱ ጋር ተጣብቆ የበርሜሉን ሆድ ሬንጅ እንዳደረገው ይገባኛል። እናቴ ግን በጣቷ ነካ አድርጋ «በደንብ ታጥኗል» አለች። ሞላነው፤ ክዳኑን አጥብቀን ዘጋነው፤ ላዩ ላይ ጆንያ፣ ከጆንያው ላይ የልብስ ሻንጣ አስቀመጥን። ከዚያ በኋላ ቦኖ የምሄደው ለዕለቱ የሚበቃንን ለመቅዳት ብቻ ነበር። አረንጓዴዋን ጨርቅ ማን እንደሚገፋት አላሰብኩም።

ድርቁ በዚያው ዓመት ጠና። ከገጠር ከብቶች ወደ ከተማው ዳር እየመጡ መንገድ ላይ ይወድቁ ነበር። ከዚያ መንገዱ ላይ ችግር ተፈጠረና መኪና ቀረ፤ ናፍጣ ቀረ፤ የቦኖው ሞተር ዝም አለ። ውሃ በአህያ ጭነው የሚሸጡት ሰዎች ዋጋውን ሰቅለው ያመጡ ነበር፤ ኋላ እነሱም ቀሩ። ጀሪካኖቹ ግን ቦኖው ጋ እንደተሰለፉ ቀሩ፤ ባዶ፣ ጨርቃቸው እየተውለበለበ፤ ማንም ተራውን መልቀቅ አልፈለገም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከጓዳ በጣቷ «የለም በይ» አለችኝ። በሩን ጥቂት ገለጥ አድርጌ ቆምኩ። አዮ ሐቢባ ባዶ ጆግ ይዘው ነበር።

«አካም፣ ኢንታላ ኮ። ውሃ አለሽ? የልጄ ሚስት ወልዳለች፤ አንድ ጆግ ብቻ። ለሕፃኑ።»

«አዮ፣ ውሃ የለንም» አልኩ።

ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሳም። የእኔ ዓይን ጆጉ ላይ ነበር፤ ሰማያዊ፣ እጀታው በሽቦ የተጠገነ። «የለም?» አሉ እንደገና። ራሴን ነቀነቅሁ። «እሺ። ናጋ» ብለው ተሰናብተውኝ ሄዱ። ለራሳቸው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ሲናገሩ ሰማሁ። በሩን ስዘጋ እናቴ ጓዳው በር ላይ ግንባሯን አሳርፋ ቆማ ነበር። «ለሜሪና ላንቺ ነው» አለች፤ ሳልጠይቃት።

በማግስቱ ሜሪን ተቅማጥ ያዛት። አምስት ዓመቷ ነበር፤ ቀድሞም ቀጫጫ ናት። በሌላው ቀን ጠዋት ጤና ጣቢያው ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት በወረቀት አድርጎ ሰጠን፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጧት አሉን። የዕለት ጀሪካናችን አልቆ ነበር፤ እናቴ ግን ያን ቀን የተዘጋጀ ሰው ኩራት ነበራት። እየሮጠች ገባች፣ ሻንጣውን አወረደች፣ ጆንያውን ገፈፈች፣ ክዳኑን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጋ ከፈተች። ሽታው ቀድሞ ወጣ። ውሃው ላይ እንደ ዓይን የሚያንጸባርቅ ቅባት ተንሳፍፎ ነበር፤ ከሥሩ ቡናማ። በኩባያ ቀድታ ቀመሰችና ፊቷ ተጨማደደ። አጣራችው፤ አፈላችው፤ ስኳር ጨመረችበት። ሜሪ አንድ ጉንጭ ወስዳ መልሳ አስወጣችው። ከዚያ ሌላውንም ሁሉ አስወጣች። እስከ ከሰዓት ዓይኗ ጎደጎደ፤ ስታለቅስ እንባ አልነበራትም። በሶው፣ ድርቆሹ፣ ጨው ያለበት ገንቦ ሁሉም በቦታቸው ነበሩ።

እናቴ ቀይ ጨርቅ ያለበትን ጀሪካን አንስታ ሰጠችኝ። ወዴት እንደምሄድ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሌላ ደጅ እንደሌለን አውቅ ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት ለአዮ ሐቢባ ቤት ከገጠር በአህያ ውሃ እንደገባ አይተናል። ወንዶቹ ወደ ዘመዶቻቸው ኤላ ሄደው ነበር የመጡት፤ ኤላ ሰው ከሥር ወደ ላይ እየተቀባበለ በባልዲ የሚቀዳበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። በሌላ የድርቅ ዓመት የሱቁ እህል ወደ እነዚያ ዘመዶች ሄዶ ነበር ይባላል፤ አሁን የእነሱ ተራ ነው። ከእኛ በር እስከ እሳቸው በር ሃያ እርምጃ ነው። ያን ሃያ እርምጃ ያህል የረዘመ መንገድ፣ ከነጌሌ ዶሎ ስንቴ ተመላልሼም፣ አላየሁም።

«ለማን ነው?» አሉኝ ጀሪካኑን አይተው።

«ለሜሪ። ታማለች። ተቅማጥ…»

«ከመቼ?»

«ከትናንት።»

«ከትናንት! ታዲያ እስካሁን ምን ትሠራለሽ?» ጀሪካኑን ከእጄ ነጥቀው እስከ አፉ ሞሉት። እኔ መሸከም ስላልቻልኩ ራሳቸው ይዘውት ወጡ። ቤታችን እንደገቡ አፍንጫቸውን ይዘው ቆሙ። «አስካሌ፣ ይሄ ምንድነው የሚሸተው?» እናቴ ጀሪካኑን ተቀብላ ዱቄቱን መበጥበጥ ጀመረች። አዮ ክፍት የቀረውን በርሜል አዩ፤ በመዳፋቸው ቀድተው ቀመሱ፤ ወደ ውጭ ተፉና ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በርሜል! በርሜል አጠነች! ያ ራቢ፣ ብረት ታጠነ!» እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሜሪን በማንኪያ እያጠጣች ነበር፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አብራቸው የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ታለቅስ ነበር። አዮ ሳቃቸውን አቁመው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ማንኪያውን ተቀበሏት። «አሥር ጀሪካን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አሥሩንም እኔ ነኝ እኮ የገፋሁት።»

ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። በሩ ላይ «የለንም» ስላቸው፣ ከጀርባዬ ስንት ጀሪካን ውሃ እንዳለ ያውቁ ነበር። በሩ ላይ ስለሆነው ግን ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም አንድ ቃል አልተናገሩም። ሜሪ ዳነች። ናፍጣ መጣ፤ ቦኖው ተከፈተ። እናቴ በርሜሉን ለእንጨት ሻጯ በነጻ ሰጠቻት። አባቴ ከሰሜን ሲመለስ ከነጌሌ ወደ ቡሌ ሆራ ተዛወርን፤ እናቴ ነጌሌን ወድዳ ኋላ ተመለሰችበት፤ ያኔ ግን አዮ ሐቢባ ልጃቸው ዘንድ ፊልቱ ሄደው ነበር። በመጨረሻ ሕመሟ ላይ «ሐቢባ የት ገባች ይሆን?» ብላ ሁለቴ ጠይቃኛለች። ሌላ አልጨመረችም። ሁለታችንም አንድ ነገር ይዘን ተቀምጠን፣ ማንኛችንም አላወጣነውም።

እኔ ተምሬ አሁን የምሠራው ምን እንደሆነ ስናገር ሰው ላያምነኝ ይችላል። ዶሎ ኦዶ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ለቤተሰቦች ስለ አደጋ ጊዜ ዝግጅት አሠለጥናለሁ። ውሃ በንጹሕ ዕቃ፣ ደረቅ ምግብ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወረቀት በላስቲክ። ድርቅ ሲመጣ አሠለጥናለሁ፤ ጎርፍ ሲመጣ አሠለጥናለሁ፤ ሰላም ሲጠፋ አሠለጥናለሁ። አዳራሹ ሙቀት ነው፤ ድምፄ ቀጭን ስለሆነ ከኋላ ያሉት «አልሰማንም» ይላሉ። ዕቃው ንጹሕ ይሁን የሚለው ላይ ስደርስ በርሜሉ ፊቴ ይደቀናል። አንዳንዴ ሴቶቹ ከእኔ የበለጠ እንደሚያውቁ ዓይናቸው ላይ አያለሁ፤ ግን አበል ስላለው ይቀመጣሉ፤ እኔም ደሞዝ ስላለው እቆማለሁ። ደክሞኛል። የእኔ ቤት ጓዳ ሙሉ ነው። ሰባት ጀሪካን፣ ስድስት ፓኬት ጨው፣ ሁሉም ላይ የገባበት ቀን ተለጥፎበታል። ቁልፉን አንገቴ ላይ አላንጠለጥለውም እንጂ ልዩነት የለንም።

አውቶቡሱ ውስጥ አዮ ሐቢባ ሁለት ጉንጭ ጠጥተው ጠርሙሱን መለሱልኝ። ቆላ ላይ ሰው ከሌላ ሰው ውሃ ሁለት ጉንጭ ነው የሚጠጣው። ፊልቱ ከመድረሳችን በፊት እንደምንም አፌን ከፈትኩ።

«አዮ፣ አላወቁኝም። የአስካለ ልጅ ነኝ። ሃይማኖት። ነጌሌ፣ ካምፑ አጠገብ…»

አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ። «የበርሜሏ!» ብለው ጮኹ፤ ከፊት ያሉት ሰዎች ዞሩ። «አስካሌስ? ደህና ናት?»

«አረፈች። ዓመቷ ነው፤ ከእሱ ነው የምመለሰው።»

«ኢና ሊላሂ» አሉ። እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙ። ሜሪን ጠየቁኝ፤ ሁለት ልጅ እንዳላት ነገርኳቸው። ያኔ የተወለደው የልጅ ልጃቸውም ሚስት እንዳገባ ነገሩኝ። እናቱ በዚያው ሰሞን ወደ ዘመዶቿ ይዛው ስለሄደች በሕይወት መኖሩን እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር፤ ለመጠየቅም ደፍሬ አላውቅም።

«አዮ፣ ያን ቀን ጆግ ይዘው ሲመጡ ውሃ ነበረን።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ተናድጄ ነበር» አሉ። «እናትሽን ሁለት ቀን ሙሉ ሰድቤያታለሁ። አንቺንም በሩ ላይ ሰድቤሻለሁ፤ በኦሮምኛ ስለሆነ አልገባሽም።» ከዚያ ያ ሳቅ መጣ፤ በጎደለው ጥርሳቸው በኩል። «ኋላ ግን ቀመስኩት። ‹ይቺ ልጅ እውነቷን ነው› አልኩ። ያ ውሃ ነው እንዴ? ውሃ አልነበራችሁም፣ ልጄ። ምንም አልነበራችሁም።»

ፊልቱ ላይ ወረዱ። በመስኮት በኩል እጃቸውን እያነሱ «ናጋ፣ ናጋ» ሲሉኝ አቧራው ሸፈናቸው።

ዶሎ የደረስኩት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ቤቴን ከፈትኩ፤ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፤ ጓዳውን አየሁት። ሁሉም በቦታው ነበር። እዚያ ሰፈር ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረውን ሴት ድምፅ፣ የልጆቿን ሳል፣ ሬዲዮዋን አውቃለሁ፤ ስሟን ግን አላውቅም። ጫማዬን ሳላወልቅ ወጣሁ። በሯ ላይ ብዙ ቆምኩ፤ እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አይሆንልኝም። ከዚያ አንኳኳሁ። ሰፊ ቀሚሷን፣ ድሪያዋን፣ እየሰበሰበች ከፈተችልኝ፤ ባየችኝ ጊዜ አደጋ የደረሰ መስሏት ደነገጠች። ውሃ እንዳልል ለራሷም ጥቂት እንደሆነ አስቤ ሌላ ነገር ፈለግሁ።

«ጨው አልቆብኝ ነበር» አልኳት።

በጎረቤት በር ላይ ስዋሽ ይህ ሁለተኛዬ ነው። ሴትዮዋ ፊቷ በራና «ግቢ፣ ግቢ» አለችኝ፤ ወደ ውስጥ እየጮኸች አንዷን ልጅ ኩባያ አስመጣች። ጨውን እስክትሰፍርልኝ ተቀምጬ ስሟን ጠየቅኋት።